ስፖርት እየሠራሁ የጉበቴ ቁጥር ለምን ጨመረ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአልትራሳውንድ ጉበቴ ላይ ስብ ከታየ ወዲህ ፈጣን እርምጃ ጀመርኩ። በቅርቡ ደግሞ ብረት ማንሳት ጨመርኩበት። አሁን የደም ምርመራ ስሠራ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ ከ240 ወደ 160 ወርዷል። መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል ግን ንቅንቅ አላለም። ክብደቴም ያው ነው። ያስደነገጠኝ ኤኤልቲ የሚባለው የጉበት ቁጥር ነው፤ ከበፊቱ ጨምሮ 70 ገባ። ስፖርቱ ጉበቴን እየጎዳው ይሆን እንዴ?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ደም የሰጠኸው ብረት ባነሳህ ማግስት ነው? ኤኤልቲም ሌላው የጉበት ቁጥር ኤኤስቲም ጡንቻ ውስጥም አሉ። ያልለመደ ሰው ከበድ ያለ ነገር ሲያነሳ ሳምንትና ከዚያም በላይ ከፍ ብለው ሊቆዩ ይችላሉ። ሐኪምህ ሲኬ የሚባለውን የጡንቻ ምርመራ አብሮ እንዲያዝልህ ጠይቅ። እሱም ከጨመረ የሚጠረጠረው ጡንቻ ነው። ብረቱን ለተወሰነ ጊዜ አሳርፈህ የደም ምርመራውን ድገመው። ያኔም ካልወረደ ግን በስፖርት አታመካኝ፣ በደንብ ይታይልህ።

የኤልዲኤሉ አይግረምህ። እሱ በእንቅስቃሴ ብቻ ብዙም አይወርድም። ለትራይግሊሰራይድ ግን ስፖርት ፍቱን ነው። የሠራ ጡንቻ ሊፖፕሮቲን ላይፔዝ የተባለ ኢንዛይም ያበዛል፤ ኢንዛይሙ በደም የሚዞረውን ስብ ሰባብሮ ለጡንቻው ያቀብላል። ችግሩ፣ ይህ ጉልበቱ ከሁለት ሦስት ቀን አያልፍም። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ተቀምጦ አንድ ቀን ብቻ እስኪዝሉ መሥራት እዚህ ላይ ብዙ አያዋጣም።

ጠያቂው፦
አዎ፣ በዋዜማው እግር ሠርቼ ደረጃ መውረድ አቅቶኝ ነበር! ግን ሚዛኑ ካልወረደ የጉበት ስብ ይቀንሳል?

ሌላ መልስ፦
ይቀንሳል። ሚዛን ጉበት ውስጥ ያለውን አያይም። ጡንቻ ሲሠራ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ ስኳር ከደም ይወስዳል። ከጊዜ ጋር ሰውነት ለኢንሱሊን ይታዘዛል፣ ጉበትም ስብ ማምረቱን ይቀንሳል። እርምጃውም ብረቱም ይሠራሉ፤ በሳምንት 150 ደቂቃ ጥሩ መነሻ ነው። ጉበቱ ተቆጥቶ ከሆነ ግን ክብደትም ከ7 እስከ 10 በመቶ ቢወርድ ይመረጣል። መጠጥ የምትወስድ ከሆነ ደግሞ ለሐኪምህ ንገረው። ትራይግሊሰራይድንም የጉበት ስብንም መጠጥ ብቻውን ይጨምራል፣ ሰው ግን ስለ እርምጃው ሲያወራ እሱን ይዘልላል።