ዴርሞት ማክመሮ ከሃዲ ነው?

አስተባባሪ፦ የሳምንቱ ጥያቄ ይኸው። በ1166 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በአየርላንድ ከነበሩት መንግሥታት የአንዱ፣ የሌንስተር ንጉሥ ዴርሞት ማክመሮ ከአገሩ ተባረረ። ባሕር ተሻግሮ የእንግሊዙ ሄንሪ 2ኛ ዘንድ ደጅ ጠና። ያስመጣው ጦር ለእንግሊዝ አገዛዝ በር ከፈተ። አይሪሾች እስከ ዛሬ ስሙን ከክህደት ጋር ያነሱታል። ይገባዋል?

የሸገር ልጅ፦ ይሄ ምኑ ያከራክራል? ይገባዋል እንጂ! ከአገርህ ሰው ጋር ስለተጣላህ የባዕድ ጦር አታስገባም። ይባስ ብሎ ስትሮንግቦ ለሚባለው ኖርማን (ከፈረንሳይ መጥተው እንግሊዝን ከያዙት ወገን) መስፍን ልጁን ኢፋን ዳረለት። “እኔ ስሞት ሌንስተር ያንተ ነው” ብሎ ቃል ገባለት። ሰርጉ የተደረገው በ1170 ዋተርፎርድ ላይ፣ ከተማዋ ገና በጦር ተይዛ የሞቱት እንኳ በወጉ ሳይለቀስላቸው ነው።

መምህሩ፦ ልጄ፣ ያን ጊዜ “የአገር ሰው” የምትለው ማን ነበር? በጌሎች (በነባሮቹ አይሪሾች) ዘንድ ዙፋን ለበኩር ልጅ አይተላለፍም። ወንድም፣ አጎት፣ የአጎት ልጅ ሁሉም ተወዳዳሪ ነው። አካሉ የጎደለ ሰው አይነግሥም፤ ስለዚህ ተቀናቃኝን ዓይኑን ማጥፋት የተለመደ ነበር። ዴርሞትን ያባረረው የኮናክቱ ሮሪ ኦኮነር ራሱ እንደነገሠ ወንድሞቹን አሰረ፣ አንዱን አሳወረ። ከእሱ በፊት የአየርላንድ ነገሥታት የበላይ የነበረው ማክሎክሊን ደግሞ በ1166 የኡልስተሩን ንጉሥ አሳወረ፤ ያውም አርማ የምትባለው ከተማ ሊቀ ጳጳስ ዋስ ሆነውለት ሳለ። ዋሶቹ ሲዋረዱ ማክሎክሊንን አጋሮቹ ከዱት፣ ተገደለ። ዴርሞት የተደገፈው በእሱ ነበር። ድጋፉ ሲወድቅ አብሮ ወደቀ።

ቡና በጤና አዳም፦ እኔን የሚያናድደኝ ነገሩን ሁሉ በሴት ማሳበባቸው ነው። ዴርሞት የሌላውን የአየርላንድ ንጉሥ የኦሩርክን ሚስት ዴርቮርጊላን የወሰዳት በ1152 ነው። የተባረረው ከ14 ዓመት በኋላ! እሷም በዓመቱ ወደ ዘመዶቿ ተመልሳለች። ኦሩርክ በእርግጥ ቂሙን አልረሳም፤ በ1167 ከዴርሞት መቶ ወቄት ወርቅ ካሳ ተቀብሏል። ግን መምህር፣ እርስዎም ዴርሞትን አላግባብ አያሳዝኑብን። የገዛ ሌንስተር መኳንንቱን በ1141 ገድሏል፣ አሳውሯል፤ 17 ያህል ናቸው። ሲባረር እኮ የራሱ ሰዎችም አላዘኑለትም።

የሸገር ልጅ፦ ተባረኪ! ሌላም ልጨምር። በ1169 ከሮሪ ጋር ታርቆ ነበር። ሌንስተር ተመለሰለት፣ እሱም ልጁን መያዣ ሰጠ። አርፎ መቀመጥ ይችል ነበር፤ ግን ጦሩን እያስመጣ ቀጠለ። ሮሪም በ1170 ልጁን ገደለበት። የገዛ ልጁን አስይዞ ቃሉን ያጠፈ ሰው ነው እንግዲህ። እና ደግሞ በሴት ልጅ በኩል መንግሥት ማውረስ በጌሎች ሕግ የትም የለም።

መምህሩ፦ የመጨረሻዋ ነጥብህ ጠንካራ ናት፤ ለእሷ መልስ የለኝም። የባዕድ ጦር መቅጠሩ ግን አዲስ አይደለም። ማክሎክሊን በ1154 ከስኮትላንድ ደሴቶችና “ማን” ከምትባለው ደሴት መርከቦች ቀጥሮ ነበር። ከሃዲ የተባለ ግን የለም። ሄንሪ ራሱ በጥቅምት 1171 ሲመጣ ዴርሞት ከሞተ ወራት አልፈዋል። ያን ጊዜ ብዙ የጌል ነገሥታት ያለ ውጊያ ገቡለት። ያ ቂመኛው ኦሩርክ ሳይቀር! ስትሮንግቦን ይገታልናል ብለው ነው።

ቡና በጤና አዳም፦ ይሄ ነገር ለሮሪም አይቀርለትም። በ1175 የዊንዘርን ውል ፈርሞ፣ ለሄንሪ ግብር እየከፈለ ሊገዛ ተስማማ። ውሉ ብዙም አልቆየም። እሱን ግን ማንም ከሃዲ አይለውም።

የሸገር ልጅ፦ ሮሪ ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ የተረፈውን ሊያድን ነው የፈረመው። ሄንሪ የመጣው ስትሮንግቦ የራሱን መንግሥት እንዳያቆም ሰግቶ ነው። ስትሮንግቦን ማን ጠራው? እኔ ድምፄን አልቀይርም።