60ውን ሰዓት ክፍል ውስጥ እንሥራው፦ የድሬዳዋ ሒሳብ መምህራን የጋራ ዕቅድ

(የመምህራኑ የቡድን የጽሑፍ ውይይት፤ ተናጋሪዎቹ የተጠሩት በሚያስተምሩበት ሰፈር ወይም ከተማ ነው)

አስተባባሪ
ሰላም ለሁላችሁ። ለሁለተኛው ሴሚስተር ለትምህርት ቢሮ የምናስገባውን ዕቅድ እስከ እሑድ ማታ መጨረስ አለብን። እስካሁን የተስማማነው አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ አዳራሽ ውስጥ የሦስት ቀን ሥልጠና አንጠይቅም። የመምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያው በዓመት 60 ሰዓት ይጠብቅብናል። ሰዓቱ እንዴት እንደሚሞላ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሰኔ ሲቃረብ ፖርትፎሊዮ፣ የሥራ ማስረጃ መዝገቡን፣ ከጓደኛ ተውሶ መገልበጥ ነው። እኔም ገልብጫለሁ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሐሳቤ ይህ ነው፦ ከ60ው 24 ሰዓቱን አንድ ርዕስ ላይ እናውለው፣ ክፍልፋይ ላይ። አንድ ክፍለ ጊዜ አብረን እናዘጋጃለን፣ አንዳችን እናስተምራለን፣ ሌሎቻችን ቁጭ ብለን ልጆቹን እናያለን። ከዚያ አርመን ሌላ ትምህርት ቤት ደግመን እናስተምረዋለን። ጃፓኖች ጁግዮ ኬንኪዩ ይሉታል፣ የትምህርት ጥናት እንደ ማለት ነው፤ ከ100 ዓመት በላይ ሠርተውበታል። በወር ሁለት ጊዜ፣ በ4 ወር 8 ዙር፣ አንዱ ዙር 3 ሰዓት።

ሳቢያን፣ 7ኛ ክፍል
ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ግን ለምን ክፍልፋይ? እኔን የሚያቃጥለኝ አልጀብራ ነው። መግቢያው ላይ ደግሞ የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውጤት ይግባ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። ቢሮው ይህን ሲያይ ይደነግጣል።

ገንደ ቆሬ፣ 5ኛ ክፍል
ወንድሜ፣ አልጀብራህ የሚወድቀው እኔ ክፍል ውስጥ ነው። ባለፈው ሳምንት የሆነውን ልንገርህ። አንድ ልጅ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ ጻፈ። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደመረ። ይህ ልጅ ከትምህርት መልስ እናቱ ጋ ካፊራ ገበያ ሎሚና ቲማቲም ይሸጣል፣ መልስ ሲሰጥ አይሳሳትም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ «2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ያንሳል» አለኝ። «ታዲያ ግማሽ ላይ ጨምረን እንዴት አነሰ?» ስለው ደብተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ «ቲቸር፣ ደብተር ላይ እንደዚያ ነው» አለኝ።

ደብተርና ገበያ ለእሱ ሁለት የተለያየ አገር ሆነውበታል። እዚያ ያደረስነው እኛ ነን፣ «ገልብጠህ አባዛ» እያልን። ያ ልጅ 7ኛ ክፍል አንተ ጋ ሲመጣ ኤክስ ሲጨመርበት ምን ይሁን? መግቢያው ላይ የምትጽፈው ይህን ይሁን። የፈተናውን ውጤት ቢሮው ከእኛ በፊት ያውቀዋል።

ሳቢያን፣ 7ኛ ክፍል
እሺ፣ ተረታሁ። የልጁ ደብተር ይቅደም፣ ቁጥሩን አንድ መስመር እናድርገው። የ2016ቱን 5.4 በመቶም አብረን እንጻፍ፤ የወደቀበትን ብቻ መርጠን ካቀረብን ታማኝነታችን ይጎድላል።

መጋላ፣ 6ኛ ክፍል
እኔ የማስተምረው በሶማሊኛ ነው፤ ዕቅዱ የአማርኛ ክፍሎችን ብቻ አስቦ እንዳይጻፍ። እዚህ ከተማ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ነው የምናስተምረው። ልጆቹ ግን ሜዳ ላይ አብረው ነው የሚጫወቱት፣ 9ኛ ክፍል ደግሞ ሁሉም እንግሊዝኛ ላይ ይገናኛሉ። «ሩብ» ስትሉ የእኔ ልጆች «ሩቡዕ» ብለው ይረዱታል። ግማሽን በኦሮምኛ «ወለካ» ብትሉት የአማርኛው ክፍል ልጅ ሳይቀር ገበያ ሰምቶታል። «ላዕል» እና «ታህት»፣ የክፍልፋዩን የላይና የታች ቁጥር፣ ግን ከየትም ሰምተውት አያውቁም። ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር ሥራ የቃል ሠንጠረዥ ይሁን፤ 15 ቃል በሦስቱ ቋንቋና በእንግሊዝኛ፣ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ።

አስተባባሪ
ገብቷል። አቦ ይመችሽ፣ ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ለገሀሬ፣ 8ኛ ክፍል
አበልስ? በግልጽ እንነጋገር። የመምህር ኪስ ይታወቃል። አበል የሌለው ነገር ላይ ሁለት ዙር ይመጣሉ፣ በሦስተኛው አዳራሹ ባዶ ይሆናል።

ገንደ ቆሬ፣ 5ኛ ክፍል
አዳራሽ እኮ የለም፣ ክፍል ነው። ግን እውነትህን ነው፣ ሰው ከኪሱ አውጥቶ እንዲመላለስ መጠየቅ ነውር ነው። የባጃጅና የሻይ ይያዝ። ከገንዘብ በላይ የምንፈልገው ሌላ ነው፤ ሰዓቱ ከ60ው ላይ እንዲቆጠርልንና ርዕሰ መምህራኑ የዚያን ቀን ክፍለ ጊዜያችንን እንዲያሸጋሽጉልን። ሁለቱ በደብዳቤ ካልተሰጡን ሌላው ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ለገሀሬ፣ 8ኛ ክፍል
በዚህ እስማማለሁ። ደብዳቤው ግን ከመጀመሪያው ዙር በፊት እጃችን ይግባ፣ «በሂደት ላይ ነው» አንቀበልም።

ከዚራ፣ አንጋፋ መምህር
ልጆች፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሰው ክፍሌ ውስጥ ወረቀት ይዞ ሲቀመጥ እጄ ይያያዛል፣ ከ30 ዓመት በኋላም። አንድ ጊዜ ስማቸውን የማልጠራቸው ገምጋሚ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቅጽ ሞሉ፣ ነጥብ ሰጡ፣ ምን እንዳጠፋሁ ሳይነግሩኝ ወጡ። ልጆቹ ምን እንደ ገባቸው አንድም ቃል አልጻፉም። የእናንተም ነገር ወደዚያ ከሄደ ወጣቶቹ ይሸሻሉ፤ የሚያውቁትን ትምህርት ብቻ አሳምረው ያሳዩአችኋል።

አስተባባሪ
ጋሼ፣ ልክ ነህ። አንቀጹን እንዲህ ብጽፈውስ፦ «ተመልካች መምህር ሦስት ልጆች ይመርጣል፣ የጻፉትንና የተናገሩትን ብቻ ይመዘግባል። ስለ አስተማሪው ነጥብ አይሰጥም። ማስታወሻው ከቡድኑ አይወጣም፣ ለሥራ አፈጻጸም ምዘናም አይውልም።»

ከዚራ፣ አንጋፋ መምህር
«ሱፐርቫይዘርም ቢመጣ በዚሁ ሕግ ይገዛል» የሚል ጨምርበት።

መጋላ፣ 6ኛ ክፍል
የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ምን ይሆን? እኔ ያሰብኩት ካሬ ደብተር ነው። ከደብተሩ ባለ 12 ካሬ ቅዳጅ ወረቀት እንሰጣለን። ግማሹ 6 ካሬ፣ ሲሶው 4 ካሬ፣ ድምሩ 10 ከ12፣ ማለትም 5/6።

ገንደ ቆሬ፣ 5ኛ ክፍል
ቆንጆ ነው፤ ግን 12ቱን እኛ ከሰጠናቸው ዋናውን ሥራ ሠራንላቸው ማለት ነው። መጀመሪያ ባለ 10 ካሬ ስጫቸው። ግማሹን በቀላሉ ያገኙታል፣ ሲሶው ላይ ይጣበቃሉ። ይጨቃጨቁ፣ ካሬ ይቁረጡ። «ቲቸር፣ ይህ ወረቀት አይሆንም» የሚል ልጅ እስኪመጣ ዝም በይ። ከዚያ «የቱ ይሆናል?» በያቸው። የጋራ ታህት ለምን እንደሚፈለግ ያኔ ራሳቸው ይነግሩሻል።

ሳቢያን፣ 7ኛ ክፍል
ዝም ማለቱ ነው ከባዱ። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለጭቅጭቁ 15 ደቂቃ እንያዝ፣ ዕቅዱ ላይም ይጻፍ፤ አለበለዚያ በ3ኛው ደቂቃ መልሱን እንነግራቸዋለን።

ሐረር፣ 7ኛ ክፍል
እኛስ? የደንገጎን ቁልቁለት ወርደን መምጣት እንችላለን። የምትሠሩትን አይተን ጁገል አካባቢ ያሉ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ብንሞክረው ደስ ይለናል። ጠዋቱን ብቻ ካደረጋችሁት ግን አንደርስም።

አስተባባሪ
ትምህርቱ ጠዋት 3ኛው ክፍለ ጊዜ ይሁን፣ ውይይቱ በዚያው ቀን 10 ሰዓት ላይ። በድሬ ፀሐይ ከምሳ በኋላ ከ9 ሰዓት በፊት ማንንም ከቤት አናወጣም። ከሐረር ሁለት ሰው በየዙሩ ይምጣ፣ መጓጓዣው በጀቱ ውስጥ ይግባ።

የቀረው አንድ ነው፤ የመጀመሪያውን ማን ያስተምራል?

ለገሀሬ፣ 8ኛ ክፍል
እኔ ሁለተኛውን እወስዳለሁ።

ከዚራ፣ አንጋፋ መምህር
የመጀመሪያውን እኔ። እጄ ይያያዝ፣ ወጣቶቹ ይዩት። የእኔ 5ኛ ክፍል 62 ልጅ ነው፣ ሁለት ሁለት ሆነው ይሠራሉ። ካሬ ደብተርና መቀስ ብቻ አምጡልኝ።

መጋላ፣ 6ኛ ክፍል
ደብተሩ በእኔ። 31 ባለ 10፣ 31 ባለ 12 ቆርጬ እመጣለሁ፣ ትርፍም እጨምራለሁ። መቀስ ግን አንድ ነው ያለኝ።