በፒክአፕ ላይ የሚጫን ካምፐር በዳገትና በቁልቁለት እንዳይንሸራተት እንዴት ልሰረው?

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣

የምኖረው ኮሎራዶ ውስጥ፣ አውሮራ ሲሆን፣ በፒክአፕ መኪናዬ ካሶኒ ውስጥ የሚገባ ተነቃይ ካምፐር፣ ማለትም በጉዞ ላይ ማደሪያ የሚሆን ትንሽ ቤት፣ አለኝ። በሜዳ መንገድ ምንም እንከን አይታይበትም፤ ነገር ግን 3,655 ሜትር ከፍታ ያለውን የላቭላንድ የተራራ መተላለፊያ ከወጣሁ በኋላ ቆሜ ስመለከተው፣ ከካሶኒው የፊት ግድግዳ ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ተንሸራቶ አገኘዋለሁ።

አሁን የታሰረው በአራቱም ማዕዘን፣ ከካሶኒው ላሜራ ጋር በተያያዙ ቀለበቶችና እየተጠመዘዙ በሚጠብቁ ዘንጎች ነው። በስተኋላ በግራ በኩል ካለው ቀለበት ሥር ላሜራው ወደ ላይ መነሣት ጀምሯል፣ ቀለሙም ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ጠቅላላ ክብደቱ ለመኪናው ከተፈቀደው የጭነት ልክ በታች ስለሆነና በካምፐሩ ጎን ያለው የክብደት ማዕከል ምልክትም ከኋላ አክስሉ ትንሽ ወደ ፊት ስለሚውል፣ ችግሩ ከማሰሪያው እንጂ ከጭነቱ የመጣ አይመስለኝም።

ማሰሪያውን ከላሜራው አንሥቼ ከሻንሲው (ከመኪናው ዋና የብረት አጽም) ጋር ለማያያዝ አስቤአለሁ፤ ሆኖም ሻንሲውን ሳልበሳ፣ ነባር ቀዳዳዎችን ብቻ ተጠቅሜ በቡሎን ላስረው እችላለሁን? ዘንጎቹስ ሞላ ያላቸው ቢሆኑ ይሻላል? በንዝረት እንዳይላሉ ሁለተኛ ዳዶ መጨመሩ ይበቃል? ከካምፐሩ ሥር ወፍራም የጎማ ምንጣፍ አንጥፌ፣ ፍሬን ስይዝ ወደ ፊት እንዳይገፋ ደግሞ የፊቱን ክፍተት በጠንካራ እንጨት ልሞላው ነው። በናይለን ቀበቶ እሰረው ያሉኝ አሉ፤ ሲረጥብ ስለሚለጠጥ ግን አላምነውም። በተለይ ተመሳሳይ ካምፐር ይዛችሁ በተራራ መንገድ የምትነዱ ብትመልሱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።