ጥቆማ፦ ለፊልም፣ ለተከታታይና ለሙዚቃ የቱን አገልግሎት፣ በምን ሴቲንግ?

ጥያቄ፦ ፊልምና ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥንም በስልክም አያለሁ፤ ሙዚቃ ደግሞ ከጆሮዬ አይጠፋም። ኔትፍሊክስ፣ ዲዝኒ ፕላስ፣ ፕራይም ቪዲዮ፣ አፕል ቲቪ፣ ሙቢ፤ ከሙዚቃው ስፖቲፋይ፣ አፕል ሚውዚክ፣ ታይዳል፣ ዩቲዩብ ሚውዚክ። ለሁሉም መክፈል አይቻልም። የቱን ልያዝ? ሌላው ችግሬ የፊልሙ ንግግር አይሰማም፤ ድምፅ ስጨምር ደግሞ ፍንዳታው ቤት ያናውጣል። መፍትሔ የምታውቁ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ በቅድሚያ እጅህ ላይ ያለውን መሣሪያ ሴቲንግ አስተካክል፣ ቀጥሎ አገልግሎት ምረጥ፣ ዕቃ መግዛት መጨረሻ ላይ ይምጣ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። የ4ኬ ፓኬጅ ይከፍላል፣ ቴሌቪዥኑ ግን ከካርቶኑ በወጣበት ሞድ ላይ ነው፤ ለሎስለስ (ጥራቱ ሳይቀነስ ለሚመጣ) ሙዚቃ ይከፍላል፣ የሚያዳምጠው ግን በብሉቱዝ ነው። በሁለቱም በኩል የተከፈለበት ጥራት መንገድ ላይ ይቀራል።

አገልግሎትን በተመለከተ፣ አንድ የሙዚቃ አገልግሎት በቋሚነት ያዝ፤ የፊልሙን ግን በየወሩ አቀያይር። ሙዚቃ ላይ ፕሌይሊስት፣ ያወረድከው ዘፈን፣ አፑ ስለ ጆሮህ ያወቀው ነገር ሁሉ ስላለ መቀያየር ያከስራል። ፊልም ላይ ይህ የለም። የዛሬ ተከታታዮች አንድ ሲዝናቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ክፍል ነው፤ ወር ሳይሞላ ታይቶ ያልቃል። በሳምንት አንድ ክፍል የሚለቀቅ ከሆነ የመጨረሻው ክፍል እስኪወጣ ጠብቅና ያኔ ተመዝገብ። ኔትፍሊክስ ላይ በተመዘገብክበት ቀን ብትሰርዝም የከፈልክበት ወር እስኪያልቅ ማየት ትችላለህ፤ ያየኸውን ዝርዝር ደግሞ ለተወሰኑ ወራት ያስቀምጥልሃል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ስትመለስ ካቆምክበት ትቀጥላለህ። ፊልሙ የት እንዳለ ለማወቅ ጀስትዋች ላይ አገርህን መርጠህ ፈልግ። ልታያቸው ያሰብካቸውን ፊልሞች በየአፑ አትበትን፤ ሌተርቦክስድ ላይ በአንድ ዝርዝር ያዛቸው። ዝርዝሩ ላይ ከአንድ አገልግሎት አምስት ስድስት ፊልም ሲጠራቀም ያን ጊዜ የዚያን ወር ትከፍላለህ።

አሁን በየተራ። ኔትፍሊክስ በስፋት የሚደርስበት የለም፤ በተለይ የኮሪያ፣ የስፔንና የህንድ ሥራዎችን ለሚከታተል። ጉድለቱ 4ኬ የሚገኘው በፕሪሚየም ብቻ መሆኑ ነው፤ ስታንዳርዱ 1080ፒ ላይ ይቆማል። አፕል ቲቪ (እስከ እ.ኤ.አ. 2025 አፕል ቲቪ ፕላስ ይባል የነበረው) መደርደሪያው ጠባብ ነው፤ ግን 4ኬ፣ ዶልቢ ቪዥን (የተሻለ ብርሃንና ቀለም) እና ዶልቢ አትሞስ (ዙሪያ ገብ ድምፅ) በአንዱ ክፍያ ውስጥ ናቸው፣ ምስሉም ከስትሪሚንግ ሁሉ የጠራ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥቂትና በጥንቃቄ የተሠራ ነገር ለሚወድ የመጀመሪያ ምርጫዬ እሱ ነው። ዲዝኒ ፕላስ የማርቭል፣ የስታር ዋርስ ወይም የፒክሳር ወዳጅ ካልሆንክ ወይም ቤት ውስጥ ልጆች ከሌሉ በዓመት አንድ ወር ይበቃል። ፕራይም ቪዲዮ ላይ በክፍያህ የተካተተውና ለብቻው የሚከራየው ጎን ለጎን ስለሚደረደር ከመጫንህ በፊት ምልክቱን አስተውል።

ሙቢን ለይቼ ማንሳት እፈልጋለሁ። ፊልሞቹን የሚመርጡት ሰዎች ናቸው፤ የዳይሬክተር ሲኒማ፣ የፌስቲቫል ፊልሞች፣ የቆዩ ክላሲኮች እዚያ ይገኛሉ። ሌላው ቦታ ግማሽ ሰዓት ፖስተር ስታገላብጥ ቆይተህ ሳታይ ለምትተኛው ሰው መድኃኒቱ እሱ ነው። ደግሞም ከአሁኑ ተከታታዮች ስንቱ ነው በሁለት ሰዓት የሚያልቅ ታሪክ ለስምንት ክፍል የተለጠጠ! ተከታታይ ስትመርጥ በአንድ ሲዝን ተጀምሮ የሚያልቀውን ሚኒ ሲሪስ አስቀድም፤ ጸሐፊው መጨረሻውን አውቆ የጀመረው ስለሆነ ማሰሪያው ይጠብቃል።

የኢንተርኔት ፍጥነት፦ ኔትፍሊክስ ለ720ፒ 3፣ ለ1080ፒ 5፣ ለ4ኬ 15 ሜጋቢት በሰከንድ ይጠይቃል። ዳታ ለሚቆጥር ደግሞ በሰዓት ዝቅተኛው ጥራት 0.3 ጊጋባይት ገደማ፣ መካከለኛው 0.7፣ ኤችዲ እስከ 3፣ 4ኬ እስከ 7 ይወስዳል። በስልክ ለሚያይ መካከለኛው በቂ ነው። በዋይፋይ ማውረድ ይሻላል፤ ግን አንዳንድ የወረዱ ፊልሞች ማየት ከተጀመረ በኋላ በ48 ሰዓት እንደሚዘጉ አትርሳ። ለረጅም ጉዞ ያወረድከውን ነገር ለመሞከር ብለህ ቀድመህ አትክፈተው።

በአንድሮይድ ስልክ ምስሉ ደብዛዛ ሆኖ ኢንተርኔቱ ግን ፈጣን ከሆነ፣ ኔትፍሊክስ አፕ ውስጥ አፕ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ፕሌይባክ ስፔሲፊኬሽን ግባ። ዋይድቫይን (የፊልም ቅጂ መከላከያው) ኤል3 የሚል ካገኘህ ስልኩ ከኤስዲ (ከኤችዲ በታች ከሆነው ጥራት) በላይ አይሰጥህም፤ ኤል1 ያስፈልጋል። ይህ የስልኩ ጉዳይ ስለሆነ ከፍ ያለ ፓኬጅ ብትከፍልም ለውጥ የለውም። አዲስ ስልክ ከመግዛትህ በፊት ይህንኑ ማጣራት ጥሩ ነው።

ቴሌቪዥኑ ላይ እንግዲህ ብዙ የሚሠራ ነገር አለ። ፊልም የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው። ቴሌቪዥኑ በመካከል የራሱን ፍሬሞች እየፈጠረ ሲሞላ እንቅስቃሴው ከመጠን በላይ ይለሰልሳል፣ ትልቅ ፊልምም የስቱዲዮ ድራማ ይመስላል። ቶም ክሩዝ እ.ኤ.አ. በ2018 ቪዲዮ ለቆ ተመልካቹን "አጥፉት" ብሎ የለመነው ይህንን ነው። ኤልጂ ላይ ትሩሞሽን፣ ሶኒ ላይ ሞሽንፍሎው፣ ሳምሰንግ ላይ እንደ ሞዴሉ ኦቶ ሞሽን ፕላስ ወይም ፒክቸር ክላሪቲ ይባላል። ፊልምሜከር ሞድ ካለ እሱን ምረጥ፣ ብዙውን በአንድ ጊዜ ያጠፋልሃል፤ ከሌለ ሙቪ ወይም ሲኒማ ሞድ። መጀመሪያ ላይ ምስሉ ቢጫ ይመስልሃል፤ ዓይንህ ሰማያዊ የበዛበትን ስለለመደ ነው፣ ጥቂት ቀን ታገሰው። ሻርፕነስ (የምስሉን ጠርዝ የሚያሰላው) ወደ ዜሮ ይውረድ፤ ሶኒ ላይ ግን መካከለኛው 50 ስለሆነ እዚያው ተወው። ኢነርጂ ሴቪንግ ይጥፋ። ጨለማ ትዕይንት ምንም አይታይም የሚለው ስሞታ ግማሹ ከዚህ ነው የሚመጣው፤ ቀሪው ግማሽ ከመጋረጃው። እንዲህ ያሉ ትዕይንቶች ቀለማቸው የሚስተካከለው በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ውድ ሞኒተር ላይ ስለሆነ ቀን ብርሃን እያለ አይታዩም።

ርቀትም አለ። ለ55 ኢንች ከ1.7 እስከ 2.2 ሜትር ገደማ ተቀመጥ። ሦስት ሜትር ተኩል ርቆ ለተቀመጠ ሰው በ4ኬና በ1080ፒ መካከል የሚታይ ልዩነት እምብዛም የለም፤ ፕሪሚየም ከመክፈል ሶፋውን መሳብ ይሻላል።

አሁን ወደ ንግግሩ። የፊልም ድምፅ ለሲኒማ አዳራሽ ነው የሚቀላቀለው፤ በሹክሹክታውና በፍንዳታው መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። በ5.1 ቅንብር (አምስት ስፒከርና አንድ የባስ ስፒከር) ንግግሩ በአብዛኛው የሚመጣው ከመሃለኛው ስፒከር ብቻ ነው። ቀጭን ቴሌቪዥን መሃለኛ ስፒከር የለውም፤ ያሉትም ሁለቱ ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ የዞሩ ናቸው። ስለዚህ ፊልሙ እየሄደ የድምፅ ምርጫውን ክፈትና "5.1" የሚል ያልተጻፈበትን ምረጥ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ ቨርችዋል ሰራውንድ አጥፋ፤ ንግግሩን የሚበትነው እሱ ነው። ናይት ሞድ ወይም የንግግር ማጉያ ካለ አብራ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበቃ ሳውንድባር (ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጥ ረጅም ስፒከር) ግዛ፤ ግን 2.1 ሳይሆን 3.1 ይሁን፣ የመጀመሪያው 3 መሃለኛ ስፒከር አለው ማለት ነውና። ገመዱን ቴሌቪዥኑ ላይ "ኤአርሲ" (ARC) ወይም "ኢኤአርሲ" (eARC) የተጻፈበት ኤችዲኤምአይ ላይ ሰካ፣ ሴቲንግ ውስጥ ሲኢሲ (CEC፣ መሣሪያዎቹን የሚያናብበው) አብራ። ሌላ ኤችዲኤምአይ ላይ ከሰካኸው ድምፅ አይመጣም፤ "ተበላሽቶ ነው የመጣው" ተብሎ የሚመለሰው ሳውንድባር ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ይኸው ነው። መደርደሪያ ውስጥ አትክተተው፣ ፊቱ ክፍት ይሁን።

ሙዚቃ ላይ ስፖቲፋይ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፤ አዲስ ዘፈን በማስተዋወቅ ማንም አይቀድመውም። በክፍያው እስከ 320 ኪሎቢት ትሰማለህ፤ በሰዓት 144 ሜጋባይት ገደማ ነው። ከሴፕቴምበር 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም ሎስለስ ጨምሯል። አፕል ሚውዚክ ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሎስለስን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጣል፤ አይፎን ለያዘ እሱ ይሻላል እላለሁ። ታይዳልም ጥራቱ ያው ነው። ዩቲዩብ ሚውዚክ እስከ 256 ይደርሳል፤ ብርታቱ የኮንሰርት ቅጂ፣ የድሮ ካሴት፣ ሌላ ቦታ ያልተጫነ ነገር ሁሉ መገኘቱ ነው። ለቆዩ ዘፈኖች ወዳጅ እሱ ይቅደም።

የትኛውንም ብትይዝ ሴቲንጉን ነካ አድርግ። ስፖቲፋይ ላይ የጥራት ምርጫው "አውቶማቲክ" ከሆነ ኔትወርክ ሲደክም ዝም ብሎ ይወርዳል፤ በእጅህ "ቬሪ ሃይ" አድርገው፣ የዳውንሎዱን ጥራት ለብቻው አስተካክል። የድምፅ ማመጣጠኛውን "ሎውድ" ላይ አታድርግ፤ ሊሚተር (ከፍ ያለውን ድምፅ የሚቆርጥ) ጨምሮ ከበሮውን ይጨፈልቃል፣ "ኖርማል" ይሁን። አልበም በሙሉ የምታዳምጥ ከሆነ ክሮስፌድን (አንዱን ዘፈን ከሌላው ጋር የሚያደባልቀውን) ዜሮ አድርግ። ያወረድከው እንዳይጠፋ ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ ከኢንተርኔት ጋር አገናኘው።

ሌላ መልስ፦ ከላይ ባለው በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ዲስክ ግን መረሳት የለበትም። ስትሪሚንግ 4ኬ 15 ሜጋቢት ገደማ ሲሆን የ4ኬ ብሉሬይ ዲስክ እስከ 128 ይደርሳል። ልዩነቱ ጭጋግ፣ ጭስና የምሽት ሰማይ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ ስትሪሚንጉ ላይ ሰማዩ በእርከን በእርከን ይከፋፈላል፣ ዲስኩ ላይ ግን ከጥቁር ወደ ሰማያዊ ሳይቆራረጥ ያልፋል። ድምፁም ሎስለስ ነው፤ እሱን ለማሳለፍ ግን ኤአርሲ አይበቃም፣ ኢኤአርሲ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አገልግሎቶች ፊልም ያነሳሉ። ደጋግመህ የምታየው ፊልም ካለ ዲስኩን ግዛ።

ሙዚቃም እንደዚያው። የምትወደው አርቲስት ባንድካምፕ (አርቲስቶች ሙዚቃቸውን በቀጥታ የሚሸጡበት ድረ ገጽ) ላይ ካለ አልበሙን እዚያ ግዛ፤ በፍላክ (የሎስለስ ፋይል ዓይነት) ታወርደዋለህ፣ ፋይሉ የራስህ ነው፤ ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ የሚወስደው 15 በመቶ ስለሆነ አብዛኛው ገንዘብ ለአርቲስቱ ይደርሳል።

መልስ፦ ስለ ዲስኩ ልክ ነህ፤ እኔ ለአንድ ጊዜ እይታ አልመርጠውም እንጂ ለሚወደድ ፊልም ተወዳዳሪ የለውም።

ሎስለስ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። የሲዲ ጥራት 1411 ኪሎቢት ነው። አይፎን በብሉቱዝ የሚልከው ኤኤሲ በሚባለው የድምፅ መጭመቂያ ሲሆን 256 አካባቢ ነው፤ የሶኒው መጭመቂያ ኤልዳክ እንኳ ጣሪያው 990 ነው፣ እሱም ሲግናሉ ሲደክም ወደ 330 ይወርዳል። ሎስለስ የምትፈልግ ከሆነ ባለገመድ ማዳመጫ ያዝ። ባለገመድ ካልሆነ 320 ይበቃሃል፣ ቦታም ይቆጥባል። ባስ የለውም ብለህ ማዳመጫህን ከመቀየርህ በፊት የጎማ ጫፉን ቀይር፦ በካርቶኑ ውስጥ የሚመጡትን ሦስት መጠኖች ሞክር፣ ግራና ቀኝ ጆሮ የተለያየ መጠን ሊፈልግም ይችላል። ጫፉ ጆሮን ካልደፈነ ባሱ ይሾልካል፣ አንተም ድምፅ ትጨምራለህ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚያስቀምጠው ገደብ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ ስልክህ የድምፅ መጠን መለኪያ ካለው ተመልከተው።

ጥያቄ፦ ተባረኩ! አንድ የመጨረሻ ነገር። ያሉኝን ፊልሞች በአማርኛ ሰብታይትል ሳያቸው ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ይሆናል፤ ሲሠራም ከንግግሩ ይቀድማል።

መልስ፦ ሳጥኑ የፎንት ችግር ነው፤ ቪኤልሲ (ነፃ የቪዲዮ ማጫወቻ) ላይ የሰብታይትሉን ፎንት ወደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም ኒያላ ቀይረው። ሳጥን ሳይሆን የተመሰቃቀለ ምልክት ከሆነ ፋይሉን በኖትፓድ ክፈትና ሴቭ አዝ ብለህ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 አድርገህ አስቀምጠው።

ለመቅደሙ መጀመሪያ ለይ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል የሚቀድም ከሆነ በዊንዶውስ ቪኤልሲ ላይ የእንግሊዝኛውን ኤች ፊደል ተጫን፤ በእያንዳንዱ ጭነት 50 ሚሊሰከንድ ያዘገየዋል፣ ጂ ደግሞ ያስቀድመዋል። መጀመሪያ ላይ ገጥሞ ቀስ በቀስ እየራቀ የሚሄድ ከሆነ ግን ሰብታይትሉ የተሠራው ለ25 ፍሬም፣ ፊልምህ ደግሞ 23.976 ነው። የሁለት ሰዓት ፊልም ላይ ልዩነቱ ወደ አምስት ደቂቃ ይደርሳል፤ ኤች መጫን አያድነውም። ሰብታይትል ኤዲት የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንና ቼንጅ ፍሬም ሬት ውስጥ ከ25 ወደ 23.976 ቀይረህ አስቀምጠው።