«ታሪፍ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ታሪፍ፣ ቀረጥ፣ ጉምሩክ እና የአሜሪካ ንግድ ዜና

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንዱ ዜና «አሜሪካ በቻይና ላይ 25 በመቶ ታሪፍ ጣለች» ይላል፤ ሌላው «ቀረጥ»፣ ሦስተኛው «ግብር» ይለዋል። በእኛ አነጋገር ታሪፍ የታክሲ፣ የመብራትና የውሃ ዋጋ ነው። እነዚህ ቃላት አንድ ናቸው? ልዩነት ካላቸው ለትርጉም የትኛው ይሻላል?

ቃል አሳሽ፦
ታሪፍ ሥሩ ዐረብኛ ነው። በዐረብኛ «ዐረፈ» ዐወቀ ማለት ነው (ከእኛ «ዐረፈ» ጋር አይምታታ)። ከዚያ ማሳወቅ፣ ማስታወቅ የሚል ስም ወጣ፤ በሜዲትራንያን ነጋዴዎች በኩል ወደ ጣልያንኛ ገብቶ «ታሪፋ» ሆነ፤ ከዚያ ወደ ሌሎቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች አለፈ። የመጀመሪያ ትርጉሙ ስለ ክፍያው ሳይሆን ክፍያውን ስለሚያስታውቀው ዝርዝር ነበር። ስለዚህ የታክሲ ታሪፍ ማለታችን ስሕተት አይደለም፤ እንዲያውም ለሥሩ የቀረበ ነው። ጉምሩክ ደግሞ ከቱርክኛ የመጣ ሲሆን ቱርኮች ከቢዛንታይን ግሪክ ወሰዱት፤ ግሪኩም ንግድ የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ነው የወጣው። ቀረጥ የራሳችን ነው።

ትራንዚተር፦
በሥራው ላይ ያለን ሰዎች አራቱን ቃላት እንለያቸዋለን። ታሪፍ ማለት መጽሐፉ ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ ከነኮዱ የተዘረዘረበት። ከኮዱ ፊት ለፊት የተጻፈው 5 በመቶ ወይም 30 በመቶ ማጣኔ ይባላል። በማጣኔው ተሰልቶ የሚከፈለው ገንዘብ ቀረጥ ነው። ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ጉምሩክ ነው። «በዚህ ታሪፍ ይስተናገዳል» ሲባል «በዚህ ኮድ» ማለት ነው። ግብር የሚለውን ግን ከዚህ ጉዳይ አውጡት፤ አንባቢውን ወደ ገቢ ግብርና ወደ መሬት ግብር ይወስደዋል።

ስለዚህ ለዜና የምመርጠው «ቀረጥ» ነው። «ታሪፍ» የሚለው የአሜሪካን የታሪፍ ሕግ ወይም የታሪፍ መጽሐፍ ለማለት ይቀመጥ።

ከስሙ የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን «በቻይና ላይ» የሚለው ነው። አንባቢው ቻይና ሒሳቡን የምትከፍል ይመስለዋል። ቀረጥ በአገር ላይ አይጣልም፤ ከዚያ አገር በመጣ ዕቃ ላይ ነው የሚጣለው። በአሜሪካ ወደብ ገንዘቡን የሚያስገባው በመዝገብ አስመጪ ሆኖ የቀረበው ሰው ወይም ድርጅት ነው፤ ብዙውን ጊዜ አሜሪካዊ። ዋስትና ያሲዛል፤ ዕቃው ከተለቀቀ በኋላ ባሉት 10 የሥራ ቀናት ውስጥ ማጠቃለያ ዲክላራሲዮኑን (የዕቃውን ዝርዝር የያዘውን የጉምሩክ ሰነድ) አቅርቦ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ ጫናውን ላኪው ዋጋ ቀንሶ ይጋራው፣ አስመጪው ከትርፉ ይሸፍነው ወይስ ሸማቹ ላይ ይጨመር የሚለው የገበያ ጉዳይ ነው። ስለዚህ «ከቻይና በሚገቡ ዕቃዎች ላይ» ተብሎ ቢጻፍ አንድ ቃል ቢጨምርም እውነቱን ይናገራል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ታዲያ 25 በመቶ ሲባል ከምኑ ላይ ነው የሚሰላው?

ትራንዚተር፦
እዚህ ላይ የእኛና የእነሱ አሠራር ይለያያል፤ ተርጓሚዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱትም እዚሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ ማጣኔው የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ነው፤ ዓለም አቀፍ ማጓጓዣና ኢንሹራንስ አይገቡም። በኢትዮጵያ ግን ሁለቱም ዋጋው ላይ ይደመራሉ።

በቁጥር ላሳይ። ዕቃው 10,000 ዶላር፣ የባሕር ማጓጓዣው 1,500፣ ኢንሹራንሱ 100 ይሁን፤ ማጣኔው 10 በመቶ። በአሜሪካ ስሌት ቀረጡ 1,000 ዶላር ነው። በኢትዮጵያ ስሌት መነሻው 11,600 ስለሚሆን ቀረጡ 1,160 ይሆናል። ከዚያ የእኛው ይደራረባል፤ ኤክሳይዝ (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣለው ታክስ) ካለ ቀረጡ በተጨመረበት ላይ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ በሁለቱ ድምር ላይ፣ ሱር ታክስ (ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚታከለው ታክስ) ደግሞ በሁሉም ድምር ላይ። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ድርርብ የለም፤ በፌዴራል ደረጃም ተጨማሪ እሴት ታክስ የላቸውም። ቀረጡ ላይ የሚታከሉት ትናንሽ ክፍያዎች ናቸው፤ የሰነድ ማስተናገጃ 0.3464 በመቶ (ዝቅተኛና ከፍተኛ ጣሪያ አለው) እና በባሕር ለመጣ ዕቃ የወደብ ጥገና 0.125 በመቶ። ለምሳሌያችን 34.64 እና 12.50 ዶላር ናቸው፤ ጠቅላላው 1,047.14 ዶላር ይመጣል።

ተርጓሚ፦
በግሦቹ በኩል ሁለት ነገር ልጨምር። «ቀረጥ አነሳ» አደገኛ አነጋገር ነው። በአማርኛ ሸክም ሲነሳ ይቀራል፤ እገዳ ሲነሳ ይሻራል። ማጣኔው ከፍ ብሎ ሳለ «ቀረጡን አነሳች» ብሎ መጻፍ ዜናውን ይገለብጠዋል። «ጨመረች» ወይም «ከፍ አደረገች» ማለት ይበቃል፤ «አነሳች» ለመሻር ብቻ ይቆይ።

ሁለተኛው በመቶና ነጥብ ነው። ከ10 በመቶ ወደ 25 በመቶ የሄደ ማጣኔ «በ15 በመቶ ጨመረ» አይባልም፤ የ10 15 በመቶ 1.5 ብቻ ነውና 11.5 ይሆናል ማለት ነው። «በ15 መቶኛ ነጥብ ጨመረ» በሉ። ወይም በቀላሉ «ከ10 ወደ 25 በመቶ አደገ»።

የታሪክ መምህር፦
የአሜሪካን የታሪፍ ታሪክ ለምትተረጉሙ፣ አስቸጋሪ የሆኑትን ስያሜዎች ልንካ። ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጆርጅ ዋሽንግተን ሐምሌ 4 ቀን 1789 የፈረመው የታሪፍ ሕግ አዲሱ ምክር ቤት ካወጣቸው ሕጎች ሁለተኛው ነበር። ስማቸው ባልተጠቀሰ ዕቃዎች ላይ 5 በመቶ ያስከፍላል። አገሪቱ የገቢ ግብር ስላልነበራት እስከ እርስ በርስ ጦርነቱ ድረስ የፌዴራል መንግሥቱ ገቢ በአብዛኛው ከጉምሩክ ነበር። ይህን ካላስተዋልን የዘመኑ ሰዎች በታሪፍ ላይ ያን ያህል የተጣሉት ለምን እንደሆነ አይገባንም።

የ1828ቱ ሕግ ተቃዋሚዎቹ ያወጡለት ስም አለ፤ «አጸያፊ ታሪፍ» ተብሎ ሲተረጎም አይቻለሁ። እኔ «የርኵሰት ታሪፍ» እላለሁ። የተጠቀሙበት ቃል እንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ «የጥፋት ርኵሰት» በሚለው ቦታ ያለው ቃል ነውና፣ መጽሐፉን በቃሉ የሚያውቅ የዚያ ዘመን ሰው የሚሰማው ያንን ነው። ሕጉ ጥሬ ሱፍ ላይ በፓውንድ 4 ሳንቲም ከዚያም በላይ በዋጋው 40 በመቶ ጣለ፤ በመቶኛው ቆይቶ ወደ 50 አደገ። የሞላሰስ ቀረጥ በጋሎን ከ5 ወደ 10 ሳንቲም እጥፍ ሆነ። ደቡቦቹ ጥጥ ወደ ውጭ ሸጠው የተሠራ ዕቃ የሚገዙ ነበሩ፤ ስለዚህ በሁለት ወገን ተጎዱ፤ የሚገዙት ተወደደ፣ ጥጣቸውን የምትገዛው እንግሊዝም ብዙ ካልሸጠች ብዙ አትገዛም። በኅዳር 1832 ሳውዝ ካሮላይና የ1828ቱና የ1832ቱ ሕግ በግዛቷ እንደማይሠራ ደነገገች። ይህን «ሕጉን ሻረች» ማለት አይበቃም፤ መሻር የአውጪው ሥልጣን ነው። «በግዛቴ አይጸናም አለች» የሚለው ይቀርባል። ፕሬዚዳንት ጃክሰን መጋቢት 2 ቀን 1833 ሁለት ሕግ በአንድ ቀን ፈረመ፤ አንዱ ቀረጡን በጦር ለማስከበር ሥልጣን የሚሰጠው፣ ሌላው ማጣኔውን ቀስ በቀስ እስከ 1842 ወደ 20 በመቶ የሚያወርደው።

የምክር ቤት አባላት «የእኔን ወረዳ ምርት ደግፍልኝ፣ ያንተን እደግፍልሃለሁ» እያሉ ማጣኔ የሚያሳድጉበትን ልማድ እንግሊዝኛው በግንድ ማንከባለል ይገልጸዋል። ግንዱን ተዉት፤ «እከክልኝ ልከክልህ» የተሠራው ለዚህ ይመስላል። ብዙ ቀረጦችን ያሳደገው የ1930ው የስሙት ሆውሊ የታሪፍ ሕግ የዚህ ልማድ ዋና ምሳሌ ነው። 1,028 የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች እንዳይፈረም በጽሑፍ ቢማጸኑም ፕሬዚዳንት ሁቨር ሰኔ 17 ቀን ፈረመው።

ትራንዚተር፦
እዚያ ላይ አንድ ስሌት ይጨመር፤ በተለምዶ የሚዘለል ነው። ቀረጥ በሁለት መንገድ ይሰላል፤ በዋጋ (በመቶኛ) ወይም በመጠን (በኪሎ፣ በሊትር፣ በቁጥር)። ሁለቱን የቀላቀለውም አለ፤ መምህሩ የጠቀሱት የሱፍ ቀረጥ እንዲያ ነው። በ1930 ብዙዎቹ ቀረጦች በመጠን የሚሰሉ ነበሩ። 10 ሳንቲም በሚያወጣ ዕቃ ላይ 2 ሳንቲም ቢጣል 20 በመቶ ነው። ዋጋው ወደ 5 ሳንቲም ሲወርድ ያው 2 ሳንቲም 40 በመቶ ይሆናል፤ ማንም ሕጉን ሳይነካ። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዋጋ ስለወረደ በ1932 ቀረጥ በሚከፈልባቸው ዕቃዎች ላይ አማካዩ 59 በመቶ ገደማ ደርሷል። ስለዚህ «ስሙት ሆውሊ ቀረጡን 59 በመቶ አደረገ» የሚለው ትክክል አይደለም፤ ከፊሉ የሕጉ፣ ከፊሉ የዋጋ መውደቅ ውጤት ነው።

ያ ሕግ ዛሬም ሕያው ነው። በአሜሪካ የታሪፍ መጽሐፍ ሁለተኛው ዓምድ ውስጥ ያሉት ከባድ ማጣኔዎች በአብዛኛው የ1930ዎቹ ናቸው፤ ለኩባ፣ ለሰሜን ኮሪያ፣ ከ2022 ወዲህ ደግሞ ለሩሲያና ለቤላሩስ ይሠራሉ።

ተርጓሚ፦
የአንደኛው ዓምድ ስምም ተርጓሚን ያስታል። ለረጅም ጊዜ ሲጠራበት የኖረው ስም በቃል ሲተረጎም «እጅግ የተወደደ አገር» ይመጣል። የተለየ ውለታ ይመስላል እንጂ ትርጉሙ «ለሌላው ከሰጠሁት የባሰ አልጥልብህም» ነው፤ ተራ ማጣኔ። አሜሪካኖች ራሳቸው በ1998 በሕጋቸው ውስጥ «መደበኛ የንግድ ግንኙነት» ብለው ቀየሩት። እኛም «መደበኛ ማጣኔ» ብንል ይበቃል። ልዩ የሚባለው ከዚያ የሚያንሰው ነው፤ ለምሳሌ ኢትዮጵያ እስከ 2021 መጨረሻ የነበረችበት አጎዋ።

ቃል አሳሽ፦
የቃል ትርጉም ገንዘብ የሚሆንበት ቦታ እንደ ታሪፍ ያለ የለም። የ1883ቱ የአሜሪካ ሕግ ከውጭ በሚገባ አትክልት ላይ 10 በመቶ ሲጥል ፍራፍሬን ነጻ አደረገ። የኒክስ ቤተሰብ ከካሪቢያን ደሴቶች ያስመጣው ቲማቲም ላይ ቀረጥ ተጠየቀ፤ ቅሬታውን እያስመዘገበ ከፈለና የኒው ዮርክ ወደብ ቀረጥ ሰብሳቢውን ሄደንን ከሰሰ። ጠበቆቹ ችሎት ፊት መዝገበ ቃላት አነበቡ። አንዱ ወገን ፍራፍሬ፣ አትክልት፣ ቲማቲም የሚሉትን ቃላት አነበበ፤ ሌላው አተር፣ ደበርጃን፣ ዱባ፣ ቃሪያ ብሎ መለሰ፤ ከሳሹ ደግሞ ድንች፣ ጎመንና ካሮት አመጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1893 በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ በዕፅዋት ሳይንስ ፍሬ ቢሆንም በሕዝብ አነጋገር አትክልት ነው፤ ከዋናው ምግብ ጋር ይቀርባል እንጂ ከምግብ በኋላ እንደ ጣፋጭ አይበላም። መዝገበ ቃላትም ማስረጃ ሳይሆን ለዳኛው ማስታወሻ ነው አለ። አትክልት ተራ ሄዶ ቲማቲም የጠየቀ ሰው ፍርዱን ለመረዳት አይቸገርም።

ሥርዓተ ነጥብም እንዲሁ ያስከፍላል። በ1872ቱ ሕግ ነጻ ከሆኑት መካከል ለተከላ የሚገቡ «የፍራፍሬ ተክሎች» ሊባል ሲገባ በመካከሉ ነጠላ ሰረዝ ገባና «ፍራፍሬ፣ ተክሎች» ሆነ። አስመጪዎች ፍራፍሬው ሁሉ ነጻ ነው ብለው ተከራከሩ፤ መንግሥት 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መለሰ፤ ሰረዙ በ1874 ተስተካከለ። በ2003 ደግሞ የኤክስ ሜን (ከሰው የተለየ ኃይል ያላቸው የአሜሪካ የሥዕል ታሪክ ገጸ ባሕርያት) ምስሎች «አሻንጉሊት» ናቸው ወይስ «መጫወቻ» የሚል ክርክር ነበር። አሻንጉሊት ሰውን የሚወክል ነው ተብሎ 12 በመቶ ይከፈልበት ነበር፤ መጫወቻ 6.8። የዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤቱ መጫወቻ ናቸው አለ፤ ሰው አይደሉምና።

ጠያቂ፦
«የዶሮ ቀረጥ» የሚባለውስ? ዶሮ ላይ ነው?

የታሪክ መምህር፦
አይደለም፤ መኪና ላይ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአውሮፓ የጋራ ገበያ በአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ ሲያሳድግ ፕሬዚዳንት ጆንሰን አጸፋውን ሰጠ፤ በቀላል የጭነት መኪና ላይ 25 በመቶ፣ በብራንዲ፣ በድንች ስታርችና ከስታርች በሚሠራው ዴክስትሪን ላይም ከፍ ያለ ቀረጥ። የመኪናው ከ1964 ጀምሮ እስካሁን አለ። ስለዚህ «በዶሮ ሰበብ የመጣው የጭነት መኪና ቀረጥ» ብላችሁ አንድ ጊዜ አብራሩ፤ ከዚያ በስሙ ቀጥሉ።

ትራንዚተር፦
የሰው መኪና 2.5 የጭነት 25 በመቶ ስለነበር ፎርድ ከቱርክ የሚያስመጣቸውን ቫኖች የኋላ ወንበርና መስኮት ገጥሞላቸው እንደ ሰው መኪና ያስገባ ነበር፤ ከጉምሩክ ሲወጡ ወንበሩ ይነቀላል። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ2024 ኩባንያው 365 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ጠያቂ፦
አንድ የመጨረሻ። አሜሪካ ላሉ ወገኖች በርበሬ የሚልክ ሰው በምን ስም ያስመዝግበው?

ትራንዚተር፦
ችግሩ «በርበሬ» በአማርኛ ሁለት ነገር መሆኑ ነው። ደርቆ የተፈጨ ዛላ ብቻ ከሆነ ምዕራፍ 9፣ አንቀጽ 0904 ነው። ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዝንጅብል የተቀላቀሉበት ከሆነ የቅመም ድብልቅ ሆኖ ወደ 0910 ሊሄድ ይችላል። ጨውና ነጭ ሽንኩርት በዝተው የቅመምነት ጠባዩን ከለወጡት ምዕራፍ 21፣ አንቀጽ 2103 ይገባል። ማጣኔዎቹ ይለያያሉ። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ «በርበሬ» ብቻ አትጻፉ፤ የእያንዳንዱን ግብዓት ስምና በመቶኛ ጻፉ፤ የተፈጨ ወይም ያልተፈጨ መሆኑን ግለጹ። ምግብ ስለሆነ፣ ሰው ቤቱ አዘጋጅቶ በግል ስጦታ ከሚልከው በቀር፣ ለኤፍዲኤ (ለአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ቅድመ ማስታወቂያ መላክ አለበት፤ ይህ ከቀረ ቀረጥ ቢከፈልም ዕቃው ይያዛል። ዋጋው እስከ 800 ዶላር የሆነ ጥቅል ከቀረጥ ነጻ የሚያልፍበት አሠራር ከነሐሴ 29 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆሟል። በብዛት የሚያስገባ ነጋዴ ከመጫኑ በፊት የአሜሪካ ጉምሩክን አስገዳጅ የኮድ ውሳኔ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የግብዓት ዝርዝርና ናሙና ያያይዝ። ያ ውሳኔ በእጅ ካለ በየወደቡ ያለ ሹም በተለያየ ኮድ አያስከፍለውም።