የእማዬ ቴሌብር ባዶ ሆነ፤ ወንድሜ አቪዬተር በሚባል የስልክ ቁማር ላይ ጨርሶታል

እህት ነኝ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እማዬ ጠዋት የቤት ኪራይ ልትልክ ስትል 7,200 ብሩ የለም። ከ127 የመጡት መልእክቶችም ጠፍተዋል። ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው። ስልኩ ላይ አቪዬተር ተከፍቶ አገኘሁት። አሁን ክፍሉን ቆልፎ አልወጣም ብሏል። አባዬ ማታ ይመጣል። ብሩን ማስመለስ ይቻላል? አፑንስ እንዴት ልዝጋበት?

አባ መላ፦ የዘንድሮን ልጅ ያሳደገው ስልክ ነው። እኛ በሱ ዕድሜ ብይ ነበር የምንጫወተው። ወላጅ ካልተቆጣ ገና ቤቱንም ይሸጣል።

ሸገር፦ ጋሼ፣ ብይም ስንበላ እኮ ተበድረን ነበር የምንመለሰው 😄 እህቴ፣ ፒኑን አሁኑኑ ቀይሪ።

ሚሚ፦ ፒን ቀይሪ! *127# ደውለሽ ይቻላል።

እህት ነኝ፦ ቀየርኩት። የልደት ዓመቷ ነበር። በሩን ግን አልከፈተም።

የቀድሞ ተጫዋች፦ አፑን መዝጋት አያዋጣም፤ በብሮውዘርም ይገባል። እኔ በ17 ዓመቴ የጀመርኩት በአጎቴ ስልክ ቁጥር ነው። የወንድምሽም አካውንት በእናታችሁ ቁጥር የተከፈተ ይመስለኛል። መልእክቱ ቢጠፋም ቴሌብር አፑ ውስጥ የክፍያ ታሪኩ አለ። ለየትኛው ድርጅት እንደሄደ እዩና ደውሉ። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንደተጫወተበት ነግራችሁ አዘጉት። የተበላው ብር ይመለሳል ብለሽ ግን ተስፋ አታድርጊ። ደግሞ ቴሌግራም ላይ “ሲግናል”፣ ማለትም የሚቀጥለውን ዙር ውጤት እናውቃለን ብለው፣ ከሚሸጡ ሰዎች ገዝቶ እንደሆነ ጠይቂው። ጨዋታው ላይ ያለው አውሮፕላን መቼ እንደሚጠፋ ማንም አያውቅም፤ ያለፈው ዙር ስለሚቀጥለው ምንም አይነግርም። እኔን የጨረሰኝ “የተበላሁትን ላስመልስ” ማለቴ ነው። ከጓደኛ ተበድሮም ሊሆን ይችላል።

አባ መላ፦ ታዲያ ሌባ አትበለው ነው የምትለኝ?

ነርስ ነኝ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ስለሱ ኋላ እናወራለን። እህቴ፣ አሁን ብሩን ተዪው፤ በሩ ጋ ሂጂ። “ራስህን ለመጉዳት እያሰብክ ነው?” ብለሽ በግልጽ ጠይቂው። መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣበትም። ካልመለሰ በሩን ክፈቱ። ብቻውን አትተዉት። አባትሽንም ሳይደርሱ በስልክ ንገሪያቸው፤ ንዴታቸው መንገድ ላይ ይብረድ። ከዚያ በኋላ አማኑኤል ሆስፒታል ወይም የአእምሮ ሕክምና ያለበት ሌላ ቦታ ውሰዱት። የቁማር ሱስ በሽታ ነው፤ ይታከማል።

ሚሚ፦ ፒን ቀይሪ ብያለሁ፣ ሲሙንም አውጪ።

የቀድሞ ተጫዋች፦ አከራይዋ ጋም ዛሬውኑ ደውሉ፤ ነገ በር ላይ ከምትሰማ ይሻላል። ወንድምሽን ላናግረው ብትይ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ነርስ ነኝ፦ እህቴ፣ በሩን ከፈተልሽ?