አይሱዙ ኤንፒአር አባይ በረሃ ሲወርድ ፍሬኑ ይሰምጣል፤ ማስተሩ ተቀይሮም አልተሻለውም

ጭነት_በጎጃም (ጠያቂ)

ሰላም ባለሙያዎች። መኪናው አይሱዙ ኤንፒአር ነው፤ አራቱም እግር ታምቡር (ሸራው ከውስጥ ተገፍቶ የሚይዘው ክብ ብረት)፣ ፍሬኑ በዘይት የሚሠራና በቫኪዩም ቡስተር (በአየር መሳብ የእግርን ጉልበት በሚያግዘው) የሚታገዝ። መስመሩ አዲስ አበባ – ባሕር ዳር።

ምልክቱ ይሄ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ሲወርድ ግማሹን ካለፈ በኋላ ፔዳሉ እየለሰለሰ ይሄዳል፤ ታች ሊደርስ ሲል ሁለት ሦስቴ ካልተረገጠ አይዝም። ቆሞ ሲቀዘቅዝ እንደ አዲስ ይይዛል። ደጀን ከወጣ በኋላ እስከ ባሕር ዳር ድረስ ምንም ችግር የለበትም። ሲመለስ ከደጀን ቁልቁል ያው ነገር ይደገማል።

የፍሬን ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው) ተቀይሯል። ፍሳሽ የለም፣ የዘይቱ መጠንም አይቀንስም። ሸራው አዲስ ነው። አሁን ደግሞ ቡስተሩ ይቀየር እየተባለ ነው። ሞተር ፍሬኑ መብራቱ ይበራል፣ ግን ሾፌሩ «ብዙም አይሰማም» ይላል። ቡስተር ከመግዛቴ በፊት ምን ትላላችሁ?

ጎሚኒ

ቡስተሩን ተወው። ቡስተር ሲደክም ፔዳል ይደድራል እንጂ አይለሰልስም። እግርህን ተሸክሞ ድንጋይ ሆኖ የሚቆም ፔዳል ከሆነ ያኔ ስለ ቫኪዩም እናወራለን።

ያንተ ሌላ ነው። ሲሞቅ የሚለሰልስ፣ ሲረገጥ ሲረገጥ የሚመለስ፣ ሲቀዘቅዝ የሚድን ፔዳል ማለት መስመሩ ውስጥ ዘይቱ ፈልቷል ማለት ነው። ዘይት አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል። እግርህ የሚገፋው እንፋሎቱን ነው፣ ጉልበቱ ሸራው ጋ አይደርስም። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ዘይት ስለሚሆን ጋራዥ ስትገባ ምንም አይገኝም። ስለዚህ ማስተር ይቀየራል፣ ቡስተር ይቀየራል፣ በሽታው ግን የዘይት ማጠራቀሚያው ውስጥ እንደተቀመጠ ይቀራል።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ማስተሩ ላይ ባለው ክዳንም በጎማ ቱቦዎቹም በኩል ይገባል። አዲስ ዶት 3 የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ነው፤ ወደ 4 በመቶ ውሃ ከያዘ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ እርጥቡ 155። በቁልቁለት የጋለ ታምቡር አጠገብ ላለ ሲሊንደር 140 ዲግሪ ሩቅ አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የታሸገ ዶት 4 ግዛ፣ ትንንሹን ቆርቆሮ፣ በድምሩ 2 ሊትር ይበቃል። ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጀሪካን በነፃ ቢሰጡህም አትቀበል። ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለውን አሮጌ ዘይት በሲሪንጅ ቅዳ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጥረግ፣ በአዲሱ ሙላ። ከማስተሩ በጣም ከራቀው የኋላ ጎማ ጀምር፤ የአየር ማስወጫው ብሎን ላይ ጥርት ያለ ቱቦ ሰክተህ ጫፉን ጥቂት አዲስ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከር። ረዳቱ ቀስ ብሎ ይርገጥ፣ ብሎኑን ላላ አድርግ፣ ፔዳሉ ወለል ሳይነካ አጥብቅ፣ ከዚያ ብቻ እግሩን ያንሳ። ቡናማው አልቆ የአዲሱ ቀለም እስኪመጣ ቀጥል። አየር ብቻ አስወጥተው «ተሠራ» የሚሉህ አሉ፤ አረፋ ስላልወጣ ዘይቱ ታድሷል ማለት አይደለም። ማጠራቀሚያው በመሃል ባዶ እንዳይሆን።

ሁለት ነገር አደራ። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ጠብ እንዳይል፤ ጎሚኒውን (ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይቱን የሚያግደውን ጎማ) አሳብጦ ሁሉንም ሲሊንደር ያስቀይርሃል። ዶት 5 የሚል ካገኘህም አትቀላቅል፣ ሲሊኮን ነው። 5.1 ግን ሌላ ነው፣ ከዶት 4 ጋር ይስማማል።

ስድስት_ኪሎ_መካኒካል

ጎሚኒ ያለው ትክክል ነው፣ ግን ዘይቱ ለምን እዚያ ሙቀት እንደደረሰ ካልታየ አዲሱም ጊዜው ይደርሳል። ስሌቱን ላስቀምጥ።

ከጎሃ ጽዮን እስከ ወንዙ ከፍታው 1,400 ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ። ይህ በአማካይ 7 በመቶ ቁልቁለት ነው። መኪናው ከነጭነቱ 10 ቶን ቢሆን፣ 10,000 ኪሎ ግራም × 9.81 × 1,400 ሜትር ወደ 137 ሚሊዮን ጁል ይሰጣል። 53 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ጠብታ ሳይቀር የሚያተን ሙቀት ነው። የጎማው መንከባለልና ነፋሱ ጥቂቱን ይወስዳሉ፤ የቀረው ወይ በሞተሩ ወይ በታምቡሮቹ በኩል መውጣት አለበት፣ ሦስተኛ በር የለም።

አራቱ ታምቡሮች በድምሩ 100 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። ሙቀቱ ሁሉ እነሱ ላይ ቢጠራቀምና ነፋስ ባያቀዘቅዛቸው በስሌት ከ2,700 ዲግሪ በላይ ይሞቁ ነበር። የታምቡር ብረት 1,200 አካባቢ ላይ ይቀልጣል። እውነታው እዚያ የማይደርሰው ነፋስ ስላለ ነው፤ ግን ፍሬን ብቻውን ይህን ቁልቁለት እንዲሸከም እንዳልተሠራ ቁጥሩ ይናገራል።

ፍጥነት ደግሞ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። በሰዓት 40 ከወረድክ ይህ ሁሉ ሙቀት በ30 ደቂቃ ውስጥ ይወጣል፣ በአማካይ 76 ኪሎዋት። በ20 ከወረድክ 38 ኪሎዋት። የሙቀቱ ድምር ያው ነው፣ ታምቡሩ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ግን እጥፍ ይሆናል፤ ሞተሩ የሚይዘውም ድርሻ ያድጋል።

ቺንጋ

ሁለታችሁም «ሞተር ፍሬኑ ብዙም አይሰማም» የምትለዋን አለፋችኋት። ለኔ ዋናው እሱ ነው። ዘይቱን ቀይር፣ እሺ፣ ግን ሞተር ፍሬን የሌለው ኤንፒአር ዶት 4 ሞልተህለት አባይ በረሃ ብትልከው ነገ ሸራው ይቃጠላል።

መብራቱ ሲበራ ኤሌክትሪኩ ትእዛዝ መስጠቱን ብቻ ነው የሚነግርህ። ሥራውን የምትሠራው የጭስ ማውጫው ቱቦ ውስጥ ያለችው ቢራቢሮ (ጭሱን አግዳ ሞተሩን የምታከብድ ክብ ክዳን) ናት፤ በቫኪዩም ትሳባለች። እንዲህ ፈትሽ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁም፣ ጎማው ሥር ከፊትም ከኋላም ድንጋይ አድርግ፣ ማርሹ ዜሮ ይሁን። አንዱ ጎን ሆኖ የቢራቢሮዋን ክንድ ይይ፤ ሌላው ሞተር ፍሬኑን ከፍቶ ነዳጅ ትንሽ ሰጥቶ ይልቀቅ። ክንዷ ቶሎ ብላ እስከ መጨረሻው መሄድ አለባት።

ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰች ወደሷ የሚሄደውን የቫኪዩም ጎማ ንቀልና ጣትህን አስጠጋ። ይስባል? ከሳበ ቢራቢሮዋ በጥቀርሻ ተጣብቃለች ወይም የሚስባት የጎማ ሽፋን (ዲያፍራም) ተቀዷል። ካልሳበ ጎማው ተሰንጥቋል፣ ወይ የኤሌክትሪክ ባልቦላው ሞቷል። ግማሽ ድረስ ብቻ ከሄደች ጥቀርሻ ነው፤ ፍታ፣ በሽቦ ብሩሽና በናፍጣ አጽዳ። ሙሉ በሙሉ እንድትዘጋ ብለህ ግን አታጣምማት፤ ጥቂት ክፍተት ሆን ተብሎ የተተወ ነው።

መኪናው ቆሞ ክንዷ ጥሩ እየሠራች ቁልቁለት ላይ የማትሰማ ከሆነ የፔዳል ማብሪያዎቹን እይ። ሞተር ፍሬን ፍሪሲዮን ወይም ነዳጅ መስጫ ሲረገጥ ራሱን ያጠፋል። የወለሉ ምንጣፍ መስጫውን በትንሹ ተጭኖት ከሆነ፣ ወይ የፍሪሲዮኑ ማብሪያ ቦታውን ከለቀቀ፣ መኪናው ሾፌሩ እግሩን ያላነሳ ይመስለዋል። ሾፌሩ እግሩን ፍሪሲዮን ላይ የማሳረፍ ልማድ ካለውም ያው ነው።

በነገራችን ላይ በብዙዎቹ ኤንፒአር የቫኪዩም ፓምፑ ያለው ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው። ቺንጋው ቢበጠስ ቻርጅ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ቡስተሩም ሞተር ፍሬኑም አብረው ይሄዳሉ። ቁልቁለት ላይ የባትሪ መብራት ከበራ «ታች ወርጄ አየዋለሁ» አይባልም፣ ቫኪዩሙ ሳያልቅ ዳር ይዞ መቆም ነው።

ጭነት_በጎጃም

በጣም አመሰግናለሁ ወንድሞቼ። ዘይቱን ቀድቼ አየሁት፣ ሻይ መስሏል። የቢራቢሮዋ ክንድ ደግሞ ግማሽ ሄዳ ትቆማለች። ሁለቱንም አሠራለሁ።

ሁለት ጥያቄ ይቀረኛል። ሾፌሩ ቀለል ያለው ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ ያደርጋል፤ ይህን ያህል ይጎዳል? ታች ሲደርስስ ታምቡሩ ላይ ውሃ ይደፋበታል፤ ልክ ነው?

ቺንጋ

ዜሮ ማርሽ የሚቆጥበው ነገር የለም። በማርሽ ላይ ሆነህ እግርህን ከመስጫው ስታነሳ የናፍጣ ፓምፑ ነዳጅ ያቋርጣል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ዜሮ ስታደርገው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት አለበት። ስለዚህ ሾፌሩ ነዳጅም ሸራም እያባከነ ነው። ከዚያ የባሰው፣ ፍጥነት ከጨመረ በኋላ ወደ ታች ማርሽ ልመልስ ቢል አይገባለትም፤ ዜሮ ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ማርሽ የሚመረጠው ጫፍ ላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። በሦስተኛ ሞተሩ እየጮኸ ከሮጠ ሁለተኛ ነው ማርሹ። የዙር መለኪያው ቀዩን እንዳይነካ ብቻ ይጠበቅ።

አረጋገጡም ልዩነት አለው። እግርን ለስለስ አድርጎ ሳያነሱ መጎተት መጥፎ ነው፤ ጠበቅ ብሎ የተስተካከለው ጎማ ብቻ ሥራውን ሁሉ ይወስድና ይቃጠላል። 30 ሲደርስ ጠንከር አድርጎ መርገጥ፣ 22 አካባቢ ሲወርድ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ፣ ተመልሶ 30 እስኪደርስ ፍሬኑን ማስተንፈስ። ቶሎ ቶሎ መነካካትም አይደለም፤ ያ ቫኪዩሙን ይጨርሳል።

ጎሚኒ

ውሃ በፍጹም። የታምቡር ብረት ሲግል ተለጥጦ ነው ያለው፤ ገጹ ላይ ቀዝቃዛ ሲደፋበት ላዩ ይኮማተራል፣ ውስጡ ገና እንደጋለ ነው፤ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ፀጉር የሚያካክሉ መስመሮች ናቸው፤ ከዳር እስከ ዳር የደረሰ ስንጥቅ ያለው ታምቡር ይጣላል፣ አይበየድም። ከዚያ ይልቅ ጥላ ፈልጎ 30 ደቂቃ ማቆም ነው። ኤንፒአር የእጅ ፍሬኑ ማርሽ ሳጥኑ ኋላ ስለሆነ የጋሉትን ታምቡሮች አይነካም፣ ጎማ ሥር ድንጋይ ግን አይቅር።

አንድ ነገር ልጨምር። ስትከፍተው አራቱንም እግር እኩል አስጠብቅ። በብዙዎቹ ኤንፒአር እያንዳንዱ እግር 2 ሲሊንደር አለው፤ አንዱ ዝጎ ቢጣበቅ ያ ጎማ በግማሽ ይሠራል፣ ሌሎቹ ይቃጠላሉ። በጨረር የሚለካ ቴርሞሜትር ካገኘህ ከቁልቁለት በኋላ ግራና ቀኙን አወዳድር፤ አንዱ 90 ሌላው 160 ካለ በሽተኛው ተገኘ። ሸራውም አዲስ ነው ብለህ አትመን፣ ገጹ እንደ መስታወት ካብረቀረቀ ተቃጥሏል። የሞዞው (የጎማው እምብርት) ጎሚኒ ቀልጦ ግራሶ ሸራው ላይ ከረጨም ታጥቦ አይድንም፣ ይቀየር።

ሲኖ_ተሳቢ

ይህን የሚያነብ የአየር ፍሬን ያለው ባለ ተሳቢ ካለ፣ የኛ ምልክት ሌላ ስለሆነ እንዳይዘናጋ። እኛ ጋ ፔዳል አይለሰልስም፤ እግርህ ምንም አይሰማውም። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ ሸራው እሱን ለመድረስ ረጅም ይሄዳል፣ የአየር ቻምበሩ (አየሩ ገብቶ ፍሬኑን የሚገፋበት ጣሳ) ዘንግ ምቱን ይጨርስና ግድግዳ ይመታል። አየሩ ሙሉ ነው፣ ፍሬን ግን የለም።

ስለዚህ የዘንጉን ምት በብርዱ ለኩ። ጎማ ታግዶ፣ የእጅ ፍሬኑ ተለቆ፣ አየሩ 6 እስከ 7 ባር፣ ሞተር ጠፍቶ። ዘንጉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ አንዱ እስከ መጨረሻ ይርገጥ፣ የወጣውን ለኩ። በተለመደው ባለ 30 ቻምበር ከ51 ሚሊ ሜትር ካለፈ አትውረዱ፤ ሙሉ ምቱ 64 ብቻ ነው፣ የቀረችውን ሙቀቱ ይበላታል። የምቱ ማስተካከያ ራሱን የሚያስተካክለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ በቁልፍ ጠብቆ ምቱ ተመልሶ ከረዘመ ማስተካከያው ራሱ ሞቷል።

የፊተኛውን መኪና ሸራ ለመቆጠብ በተሳቢው ፍሬን ብቻ የሚወርዱ አሉ። ተሳቢው ብቻውን ይቃጠላል፣ ከዚያ ሁሉም ክብደት ፊት ላይ ይመጣል።

ስድስት_ኪሎ_መካኒካል

ፍሬን በጠሰ በተባለበት ሰዓት የሚደረገውን ለሾፌሩ ንገረው። ፍሪሲዮን አይረገጥም፣ ማርሽ አይነቀልም፤ የቀረው ፍሬን ሞተሩ ነው። ዘይቱ ፈልቶ ከሆነ ፔዳሉን በፍጥነት ሦስት አራቴ ሲረግጡት የተወሰነ ይመለሳል፤ በተመለሰበት ቅጽበት ይዞ ማቆም እንጂ ቁልቁለቱን መቀጠል አይደለም። የእጅ ፍሬኑ ቀስ እያለ ይሳብ፤ ማርሽ ሳጥኑ ላይ ያለች ትንሽ ታምቡር ስለሆነች ፍጥነት ሳይጨምር ካልሆነ አትችለውም። መብራትና ጥሩምባ ሳይቋረጥ። ምንም ካልያዘ ተራራው ባለበት በኩል ጎኑን አስጠግቶ በቦዩና በአፈሩ ላይ እያሻሹ ማቆም ነው፣ መኪናው ገና በሰዓት 30 ሳለ። 60 ከደረሰ በኋላ ያ ምርጫ የለም።

አባይ በረሃ ላይ ደግሞ መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱ ሞገድ የሠራባቸው ቦታዎች አሉ። እዚያ ላይ ሳይደርሱ ነው ፍጥነት የሚቀነሰው፤ ጎማው ሲዘል የተረገጠ ፍሬን ምንም አይዝም።